ከነፍሬው የተሞላ ትራስ

እናቴ ስትሞት ቤቷንና አንድ የሚቆረቁር ትራስ ወረስኩ። ቤቱን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ትራሱን ግን፣ አንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐረር ወጣ ካለችው ድሬ ጠያራ የመጡ አንድ ገበሬ ክርናቸውን እስካሳረፉበት ድረስ፣ ከእኔ በቀር መኖሩንም የሚያውቅ አልነበረም።

አስቀድሜ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ አልማዝ ነው። የተወለድኩትም ያደግሁትም ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ ተገለልኩ። «በጡረታ መገለል» የሚለውን አነጋገር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አላስታውስም፤ ለራሴ የገባኝ ግን ከተገለልኩ በኋላ ነው። ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም፣ አባቴንም አላውቀውም። ልጅ ሳለሁ የሰፈር ልጆች ሲጣሉኝ «ዲቃላ» ይሉኝ ነበር። እናቴ ታዲያ እንዝርቷን እንደያዘች በር ላይ ብቅ ትልና «ልጅ ያሳደገው ሰው ልጅ ነው፤ ሌላው ምን አገባው?» ብላ ትመለሳለች። ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ለእኔ ግን አያበቃም ነበር፤ ማታ ስተኛ ቃሉ አብሮኝ ይተኛል።

እናቴ ዘነበች ጥጥ ፈታይ ነበረች። ጥጡን የሚያመጡላት ከድሬ ጠያራ ወረድ ብሎ ካለው ቆላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ኦቦ ሙሜ እንላቸዋለን፣ እሳቸውም እናቴን አዴ ዘነበች ይሏታል፤ «አቶ» እና «ወይዘሮ» እንደ ማለት ነው። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ያመጡላት ነበር፤ መጀመሪያ በአህያ፣ በኋላ በሚኒባስ ጣራ። ጥጡ ከነፍሬው ይመጣል። እናቴ በጠፍጣፋ ድንጋይና በብረት ዘንግ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች፣ ፍሬውን በጆንያ ታጠራቅማለች፣ ኦቦ ሙሜም የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ መጥተው ይወስዱታል። ጥጡ ለእኛ፣ ፍሬው ለእሳቸው። ይህ ውል መቼ እንደተገባ ሁለቱም አያስታውሱም ነበር።

ለሰው የሚፈተለውን ጥጥ እናቴ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ነበር የምትዳምጠው። ለራሷ ትራስ ግን ከነፍሬው ትጠቀጥቀዋለች። «ለሰው ከሆነ ይዳመጣል፤ ለትራስ ማን ይዳምጣል?» ትላለች ስጠይቃት። ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ ላይ የፍሬ ምልክት ታትሞ እናያለን፤ እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች። የመጨረሻውን ትራስ የሞላችው ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት ነበር። ከሞተች በኋላ አልጋዋን እንዳነጠፈችው ተውኩት። ትራሱ መሐል ላይ የጭንቅላቷ ጎድጓዳ ነበረ። እኔ ማዶ ካለው አልጋ ላይ ሆኜ መብራት ከማጥፋቴ በፊት «ደህና እደሪ» እለው ነበር። የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ አይደለም፤ ሌላ ደህና እደሪ የምለው ሰው ስላልነበረኝ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን የራሴን ትራስ አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼ ነበር። ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ጫት የሚቅም ሁሉ ቤቱ የሚከተትበት፣ መንገዱ ጭር የሚልበት፣ ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ የሚቆምበት ሰዓት። እኔ ያንን ሰዓት አልወደውም። የበሩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም።

ስከፍት ኦቦ ሙሜ ቆመዋል። ከእናቴ ለቅሶ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። ጺማቸው ነጥቷል፣ ትከሻቸው ወርዷል፤ ብብታቸው ሥር የተጣጠፈ ባዶ ጆንያ ይዘዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፤ አለሽ አልማዝ?»

«አለሁ ኦቦ ሙሜ፣ ይግቡ። ምነው እንዲህ ጠፉ?»

«አቦ፣ እኔ አልጠፋሁም፤ ጥጡ ነው የጠፋው» አሉ።

በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፣ ሻይ ጣድኩ። ውኃውን ከጠጡ በኋላ ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው አለሰለሱት።

«የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው» አሉ። «እናትሽ ያወጣችው የመጨረሻው ፍሬ ነበረ። ሳልወስደው ሞተች፤ ከዚያ አዲሱ ዘር መጣና እኔም ረሳሁት። ጆንያው አለ?»

ምን ብዬ ልንገራቸው? የሰባት ቀኑ ድንኳን ከተነሳ በኋላ ቤት ሳጸዳ ጆንያውን ለጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ። ላም ነበረቻት፤ የጥጥ ፍሬ ለወተት ጥሩ ነው ተብሎ።

«ላም በላችው፣ ኦቦ ሙሜ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ከዚያ ጆንያውን መልሰው ማጣጠፍ ጀመሩ፣ ግን እጃቸው መሐል ላይ ቀረ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር፤ ያንን የነገሩኝ በኋላ ነው። «ወገቤን» አሉና በግድግዳው ተደገፉ። ሮጬ ገባሁ። የእኔ ትራስ ገመድ ላይ ነው፣ እርጥብ ነው። ሌላ ትራስ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበረ። አላሰብኩም፤ አንስቼ ወጣሁና ከጎናቸው አደረግሁላቸው፤ ክርናቸውን ጣሉበት።

ሻይና ዳቦ አቀረብኩላቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል ነገሩን ከመጀመሪያው አወሩልኝ። እኔም አላቋረጥኳቸውም፤ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበርና።

«አዲሱን ዘር ትሉ አይበላውም አሉን» አሉ። «ጓይ ትሉን ማለቴ ነው፤ የጥጡን ፍሬ ገና በለጋው የሚበሳው። ሳይንስ ነው፣ ዘረ መሉ ተለውጧል አሉ። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አላውቅም። የማውቀው የመጨረሻ ልጄን ኢፍቱን ነው። መድኃኒት የምትረጨው እሷ ነበረች፤ መርጫውን ጀርባዋ ላይ አዝላ። አንድ ቀን ማሳ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት፤ አፏ አረፋ ይዟል፤ አላህ ነው ያተረፋት። ስለዚህ ትል የማይበላው ጥጥ መጣ ሲሉኝ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።»

«እውነት ሆኖ ተገኘ?»

«ወላሂ እውነት ነው። ውሸት አልነግርሽም። ትሉ መጣ፣ ቀመሰው፣ ሞተ። ኢፍቱ መርጫውን ሰቅላ ትምህርት ቤት ሄደች። ጥጡ እንደዚያ በዝቶልን አያውቅም። ነጋዴ በጭነት መኪና መጣ፣ ከነፍሬው ሰብስቦ ለፋብሪካ ወሰደው። የድሮውን ዘር ማን ያየዋል? ለበሬ ሰጠነው። እኔ ራሴ ‹ምን ያደርግላችኋል› ብዬ ለጎረቤቶቼ ነገርኩ።»

ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ዘሩን ያመጣው የግብርና ባለሙያ ደግ ልጅ ነበር። ሰብስቦን በአማርኛ ተናገረ፣ ሌላው በኦሮምኛ አስተረጎመ። ‹ይህ ዲቃላ ዘር ነው፤ ፍሬውን መልሳችሁ ብትዘሩት ወላጁን አይመስልም፣ በየዓመቱ አዲስ ውሰዱ› አለን። ዲቃላ የሚለውን በእኛም ቋንቋ ያው ዲቃላ ብሎ አስተረጎመው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ እንዴት ስድብ ይዞብን ይመጣል ብለው። እኔ ተነሳሁ። ‹ልጄ፣ እኛ አገር ዲቃላ ተብሎ የሚጣል የለም። ልጅ ያሳደገው ሰው ልጅ ነው› አልኩት። አጨበጨቡልኝ። እሱም አብሮን ሳቀ። ሊያስረዳን የፈለገው ነገር በዚያ ሳቅ ውስጥ ጠፋ።»

እዚህ ላይ ድንገት ቆሙ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱና የግቢውን በር አዩ።

«አንቺን ማለቴ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ።»

«ቃሉን ግን ከእናትሽ ነው የሰማሁት። እዚህ በር ላይ።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ኦቦ ሙሜ።»

«ለሰው እውነት ነው። ለጥጥ ግን አልሠራም» አሉ።

የቀረውን በአጭሩ ነገሩኝ። በሦስተኛው ዓመት አዲሱ ዘር ሳይመጣ ቀረ። ከውጭ የሚገባበት ምንዛሪ ጠፋ አሉ፣ መንገድ ላይ ነው አሉ፣ ዝናቡ ግን የሚጠብቀው የለም። ኦቦ ሙሜ ከመጀመሪያው ዓመት ምርት ጥቂት በእጅ ዳምጠው ፍሬውን አስቀምጠው ነበር፤ የልማድ ነገር። ሙሜ ዘር አለው ተባለ። በእነሱ ዘንድ ዘር ያለው ሰው ለጠየቀው አይከለክልም፤ ለሁሉም አካፈሉ። ሁሉም ዘራው። በቀለ፤ ግን አንዱ እንደ ዛፍ ረዝሞ ፍሬ አልያዘም፣ አንዱ ድንክ ሆኖ ቀረ፣ አንዱን ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወረረው፣ ሌላውን ያው የድሮው ትል በላው። የአንዱ ማሳ ከሌላው አይመሳሰልም፤ በአንድ ማሳ ውስጥም አንዱ ተክል ሌላውን አይመስልም።

«ማንም አልሰደበኝም» አሉ። «ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ አለመመለስ ሐራም ነው። ግን መስጊድ ውስጥ አጠገቤ አይቀመጡም። ጫት ስንቅም ፍራሹ በእኔ በኩል ባዶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው የኖርኩ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ኢፍቱ ‹አባ፣ ለምን ብቻህን ታወራለህ?› አለችኝ። እያወራሁ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።»

ሻይ ጨመርኩላቸው። ለትራስ ደህና እደሪ የሚል ሰው ምን ይመልሳል?

«የድሮውን ዘር ካገኘሁ ብዬ ነበር» አሉና ሊነሱ ትራሱን ተመረኮዙ። ግን ሳይነሱ ቀሩ። ጣቶቻቸው የትራሱን ጨርቅ ያዙ፣ ጫን አደረጉት፣ ውስጡ ያለውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ አሻሹት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ከነፍሬው ነው» አሉ።

አዎ ከነፍሬው ነው። ያንን እኔ ሁልጊዜ አውቃለሁ። ግን ከጆንያው ጋር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም ነበር።

«የማን ነው?»

«የእናቴ ነው። ከመሞቷ በፊት የሞላችው።»

እጃቸውን ከእሳት ላይ እንደሚያነሱት አነሱ። «አስታግፊሩላህ» አሉ። «የሟች ማረፊያ ላይ ነው ክርኔን የጣልኩት? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌላ አልነበረኝም።»

ቆሙ። ትራሱን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚያስረክብ ሰው፣ ሰጡኝ። ስለፍሬው አንድ ቃል አልተነፈሱም። «የቆየ ፍሬ ይሞታል» ብቻ አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «እስከ አስር ሰላት፣ የከሰዓቱ ጸሎት እስኪደርስ፣ ጊደር መጋላ ገበያው ውስጥ ነኝ፤ የእኛ ሰፈር መኪና ከዚያ ነው የሚነሳው። አላህ ይስጥሽ፣ ሻዩን።» ባዶ ጆንያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ።

በሩን ዘጋሁ። ትራሱን ወደ አልጋው መለስኩ። ጎድጓዳው የለም፤ በእናቴ ጭንቅላት ቦታ የኦቦ ሙሜ ክርን ምልክት ነው ያለው። በእጄ ልመልሰው ሞከርኩ፣ እንደነበረ አልሆነም። አለቀስኩ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያለቀስኩት ለጥጥ ገበሬው አልነበረም፣ ለራሴ ነው። ትራሱ ከተፈታ በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን ይቀራል? ጨርቅና ፍሬ ነው አልኩ ለራሴ። ጨርቅና ፍሬ ከሆነማ ለምን አልሰጥም? ካልሆነስ ምንድን ነው?

ከዚያ የነገሩኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ የቆየ ፍሬ ይሞታል። እኔ እናቴን ጠብቄ ያስቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ሳስበው ለካ ትራሱ ውስጥ ያለው ነገር በየዓመቱ እየሞተ፣ እኔ በየማታው ደህና እደሪ እያልኩት ነው። እናቴ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር? «ለሰው ከሆነ ይዳመጣል» ነበር የምትለው፤ ሌላ ነገር ተናግራ አታውቅማ።

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። በጀጎል ግንብ በሸዋ በር በኩል ገብቼ ቁልቁል ወደ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ገበያው ሊበተን ነው፤ እህል ሻጮቹ ቁናቸውን እየደፉ ነው፣ የበርበሬው አቧራ ያስነጥሳል። የአዛን ድምፅ ሲሰማ ሩጫ ጀመርኩ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ጊደር መጋላ ውስጥ ስትሮጥ ሰው መንገድ ይለቃል። አንዷ ሻጭ «ሌባ ነው እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። ከእህል ተራው ማብቂያ ላይ አንድ ጭነቱን ያራገፈ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሰዎቹ ከኋላ ተጠጋግተው ተሳፍረዋል። ኦቦ ሙሜ ጥግ ላይ ናቸው፤ በእሳቸውና በሚቀጥለው ሰው መካከል ሌላ አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ አለ።

«ኦቦ ሙሜ፣ ይውረዱ» አልኳቸው።

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እሳቸው ምንም ሳይጠይቁ ወረዱ።

ትራሱን የፈታነው በረንዳው ላይ ነው። ስፌቱን የተረተርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አልነካም አሉ። የእናቴ ስፌት ጠበቅ ያለ ነበር፣ መቀሱ እምቢ አለኝ። ሲከፈት የራሷ ሽታ ወጣ፤ ቅባትና ጸሐይ። ከጥጡ መሐል አንድ ነጭ ረጅም ፀጉር አገኘሁ። ጣቴ ላይ ጠቀለልኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ኦቦ ሙሜ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ቆዩ።

ከዚያ ድንጋዩንና ዘንጉን አወጣሁ። ልጅ ሆኜ ነው የዳመጥኩት፤ እጄ ረስቶት ይሆናል ብዬ ስፈራ አልረሳም። ዘንጉን ስገፋ ጥጡ ወደፊት ያልፋል፣ ፍሬው ወደ ኋላ ይፈነጠራል። ኦቦ ሙሜ ከመሬት እየለቀሙ ሰፌድ ላይ ያደርጉታል። አንዱን አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩት፣ አሸተቱት። «ይኸው ነው» አሉ፤ «ግራጫው፣ ጸጉራሙ፣ የእኛው።»

«በሕይወት አለ?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።»

ፍሬው ሁሉ ሲሰበሰብ ሰፌዱን እንኳ አልሞላም። ከላዩ አንድ እፍኝ ወሰዱና እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለሉ። ጥቅሉን ግን ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺ ጋ ይሁን» አሉ። «እኔ ቤት ሰው ያየዋል። ዘር አገኘ ይባላል፤ ሳይበቅል ቢቀር ሁለተኛ አሳፍራቸዋለሁ። ያንን አልችልም። ሙቀት ያለበት አስቀምጪው፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እመጣለሁ። ሰብሮ ካወጣ ዘር አለን። ካላወጣ ትራስሽን መልሰሽ ሙዪው፤ እኔም አርፌ እቀመጣለሁ።»

ያ ሳምንት ከሕይወቴ ረጅሙ ነው። ጥቅሉን የእናቴ አልጋ ላይ፣ ትራሱ በነበረበት ቦታ፣ በሳህን አስቀመጥኩት። ጠዋት ውኃ እረጨዋለሁ፣ ቀን አየዋለሁ፣ ማታ እንደገና አየዋለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ፍሬዎቹ አበጡ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ጥቂቶቹ ለሰለሱ፣ ሸተቱ። የበሰበሱትን እያወጣሁ ስጥል የእናቴን ለቅሶ እንደገና የተቀመጥኩ መሰለኝ። ጥቅሉ እየሳሳ ሄደ። በዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ብዙ ማታ አሳልፌያለሁ፣ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ግን የለም። ትራሱንም አጥቻለሁ፣ ዘሩንም ላጣ ነው።

ከገበያው ቀን በፊት በነበረው ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ አንዲት ፍሬ ጎኗ ተሰንጥቆ ነጭ ነገር ብቅ አድርጋለች። ሻጋታ መስሎኝ በመነጽር አየሁ። ሥር ነበረ። ከጎኗ ያለችውን ገለበጥኩ፣ እሷም አውጥታለች። ወዲያ ማዶ ሌላ።

ጮክ ብዬ «በቀለ!» አልኩ። ስልክ አነሳሁ፤ የኦቦ ሙሜ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ጎረቤቴ በር ላይ ሄድኩ፣ ተቆልፏል። መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «የት ልውሰድዎት?» አለኝ። «የትም አልሄድም፤ ጥጥ በቅሎልኝ ነው» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ሄደ። ዛሬም ሲያስቀኝ ሲያስለቅሰኝ ይኖራል፤ ያንን የምሥራች ስነግር ያገኘሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ኦቦ ሙሜ በማግስቱ መጡ። ሳህኑን ፊታቸው አደረግሁ። ከእፍኙ የበቀለው ከጣት ቁጥር ብዙም አያልፍም ነበር። አቀርቅረው ለረጅም ጊዜ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል።

«ትንሽ ነው» አልኳቸው።

«ትንሽ ነው። ዘንድሮ ለማንም አልሰጥም፤ ቤቴ ጓሮ በእሾህ አጥሬ እዘራዋለሁ። ከዚያ የሚወጣው ለመጪው ዓመት ለሁሉም ይዳረሳል፣ ኢንሻ አላህ።»

«ይህንንስ ትሉ ይበላው የለም?»

«ይበላዋል» አሉ ፈገግ ብለው። «በልቶ የተረፈው ግን የእኔ ነው። አዲሱ ዘር ቢመጣ እሱንም አልጠላም፣ ለኢፍቱ ስል እዘራዋለሁ። ግን ሲመጣ ልዝራ፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ እጄን አጣጥፌ ሰማይ አላይም።»

ሰፌዱ ላይ የነበረውን ቀሪ ፍሬ ወደ ጆንያቸው ገለበጡ፣ የበቀሉትን በእርጥቡ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ያዙ። በር ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «በእኛ ዘንድ ዘር በመጣበት ቤት ስም ነው የሚጠራው» አሉ። «አዲሱ ዘር ቁጥር ነበር ስሙ፤ ማንም አልያዘውም። ይህን በማን ስም ልጥራው?»

አማርኛ መምህር ነኝ። ዘር የሚለው ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ዘርዝሬያለሁ፣ «ዘር ሳትተካ ቀረች» የሚለውን ደግሞ ስለ ራሴ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ከአፌ የወጣው የእናቴ ስም ብቻ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ብቸኝነቴ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። አልጠፋም። የበርጫ ሰዓትን ዛሬም አልወደውም። ግን ጥጥ ሲደርስ ከድሬ ጠያራ ሴቶች ጥቂት ከነፍሬው ያመጡልኛል፤ እዳምጥላቸዋለሁ፣ ፍሬውን በጆንያ አስቀምጬ ለመዝሪያ እመልስላቸዋለሁ። የኦቦ ሙሜ ፍራሽም በአንድ በኩል ባዶ አይደለም ይላሉ። አዲስ ዘር መጥፎ ነው፣ የድሮ ዘር ጥሩ ነው የሚል ትምህርት ከእኔ አትጠብቁ፤ መርጫ ያዘለች ልጅ ማሳ ውስጥ ስትወድቅ አላየሁም፣ አባቷ ግን አይተዋል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የምንሳሳለትን ነገር ይዘን ስንቀመጥ፣ እጃችን ውስጥ እየሞተ ሊሆን ይችላልና ገለጥ አድርጋችሁ እዩት።

ዘንድሮ ጊደር መጋላ ወርጄ ነበር። አንዲት የማላውቃት ወጣት ከእህል ተራው ጎን ጥጥ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ምን ዓይነት ጥጥ ነው?» አልኳት።

«የአዴ ዘነበች ነው፣ እማማ። ጥሩ ነው።»

ጥጡን ዳሰስ አደረግሁና «ዘነበች ማን ናት?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ እዚህ ከተማ የነበሩ የሞቱ ሴትዮ ናቸው ይላሉ።»

«ልጅ ነበራቸው?»

«አላውቅም» አለች ጥጡን በእጇ እያነሳች። «ዘራቸው ግን ይኸው። የተዳመጠውን ልስጥዎት?»

«አይ፣ ከነፍሬው ስጪኝ» አልኳት። «ለትራስ ነው።»